የቶኪዮ የሰፈር በዓል፦ ቁጭ ብሎ ለማየት ከሆነ ቤታችሁ ቆዩ

ለቸኮለ ሰው መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥ። መግቢያው ነጻ ነው፤ ሙቀቱ ግን አይቻልም። የሻይ ሥርዓቱ ከ5 ኮከብ 5። ከበሮው 4። የብሩሽ ጽሕፈቱ 5 ነበር፣ ወረፋው ወደ 3 አወረደብኝ። ምግቡ ለጾመኛ 2 ነው፣ እሱም በበቆሎው ምክንያት። አሁን ረጋ ብዬ ልጻፍ።

የምኖረው ካትሱሺካ ነው። ጃፓን ያለ አበሻ ሰፈሩን ያውቀዋል፤ ዮትሱጊ አካባቢ የእኛ ሰው በርከት ስለሚል እንጀራ ያማረው ሁሉ ባቡር ይዞ የሚመጣው ወደዚያ ነው። በየዓመቱ እነሱ በጋ በሚሉት፣ ለእኛ ነሐሴ በሆነው ጊዜ፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ቅዳሜና እሁድ በዓል ይደረጋል። አዘጋጁ ቾናይካይ የሚባል የጎረቤቶች ማኅበር ነው። ምን ዓይነት ነገር ነው ካላችሁ፣ እድር ነው በቃ። መዋጮ አለው፣ ሰብሳቢ አለው፣ ድንኳን አለው፣ በየስብሰባው የሚጨቃጨቁ ሁለት ሽማግሌዎችም አሉት።

አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ፎቶ አንስቼ፣ ስቶሪ ላይ ለጥፌ፣ ወደ ቤቴ። ዘንድሮ ግን እታች ቤት የሚኖሩት እማማ ደረጃ ላይ አገኙኝና "ዘንድሮ ትጨፍሪያለሽ" አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ዩካታ ተውሼ ለበስኩ። ዩካታ ማለት ለበጋ የሚለበስ ስስ የጥጥ ኪሞኖ ነው። አለባበሱን ከዩቲዩብ አይቼ ራሴው ለበስኩትና ተኩራርቼ ወረድኩ። እማማ ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ለካስ የቀኙን ጎን ከላይ አድርጌዋለሁ። እዚህ አገር እንደዚያ የሚለበሰው አስከሬን ነው! ሁልጊዜ የግራው ጎን ከላይ ነው የሚሆነው፣ ሴትም ሆነ ወንድ። መግቢያው በር ላይ አቁመው፣ ፈትተው፣ እንደገና አለበሱኝ፤ መቀነቱንም እስኪጨንቀኝ አጠበቁት። ይህን አንድ ነገር እንኳ ከጽሑፌ ብትይዙልኝ ይበቃኛል፤ ግራ ከላይ።

ሜዳው መሀል ያጉራ የሚሉት የእንጨት ማማ ቆሟል። ከማማው ወደ አራቱም ማዕዘን ፋኖስ ተዘርግቷል፤ ፋኖሶቹ ላይ መዋጮ ያደረጉ ሱቆችና ሰዎች ስም ተጽፏል። ከበሮው ማማው ላይ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ጭንቅላቱ ላይ ፎጣ አስሮ የሚመታው ሰውዬ ልብሴን የማሳጥብበት የላውንደሪ ቤት ባለቤት ነው! ሰውዬው ሸሚዜን ሲቀበለኝ ድምፁ እንኳ በደንብ አይሰማም። እዚያ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። እግሩን ከፍቶ፣ ክንዱን እስከ ጆሮው ድረስ አንስቶ ሲያወርደው ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ።

ታይኮ ይሉታል። የትልቁ ከበሮ ገላ ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ የወጣ ነው፣ ቆዳው የላም ነው፣ ጠርዙ በሚስማር የተመታ። እኛ ከበሮን አንገታችን ላይ አንጠልጥለን በእጃችን ነው የምንመታው፤ እነሱ ያስቀምጡትና በሁለት ዱላ ይወርዱበታል። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ከበሮው ራሱ ጥንታዊ ነው፣ ብዙ ሰው ተሰልፎ እንደ ባንድ አብሮ የሚመታው ይሄ ዓይነት ግን የመጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው፤ የጀመረውም ዳይሃቺ ኦጉቺ የሚባል የጃዝ ድራመር ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ፣ ወዲያው ግን ደስ አለኝ። የጥንት መስሎ የሚያስፈራራን ነገር ሁሉ ጥንታዊ አይደለም ማለት ነው።

እረፍት ላይ አንድ አዛውንት ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ። "አበበ!" ብለው ጮኹ። እዚህ አገር በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ አይረሱትም። በባዶ እግሩ ቶኪዮ ላይ ሲሮጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ አሉኝ። የለም፣ በባዶ እግሩ የሮጠው ሮም ነው፣ እዚህስ ጫማ አድርጎ ነበር አልኳቸው። አላመኑኝም። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው፤ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩትና "ሆኖም ፈጣን ነበር" አሉ። ተስማማን።

የሻይ ሥርዓቱ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ኤሲ አለ፣ ለዚህ ብቻ 500 የን ብከፍል አይቆጨኝም። ሁሉም አበሻ "እንደ ቡናችን ነው" ይላል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁት። አይደለም። የእኛ ቡና ሰበብ ነው፣ ዋናው ወሬው ነው፤ ጎረቤት ይታማል፣ ሚስት ይፈለጋል፣ ብድር ይጠየቃል። እዚህ ወሬው ስለ ሻዩ ራሱ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ምን ይላል? ጎድጓዳው ስኒ ከየት ነው? አለቀ። ሴትየዋ ማንኪያውን በሐር ጨርቅ ስትጠርግ፣ ማቻ የሚሉትን አረንጓዴ የሻይ ዱቄት በቀርከሃ መምቻ ስትመታ፣ አሥር ሰው ውስጥ የሚሰማው የውኃው ድምፅ ብቻ ነበር።

ስህተቴን ልናዘዝ። መጀመሪያ ጣፋጭ ይሰጣል። እኔ እንደ ቡና ቁርስ ከሻዩ ጋር ልበላው አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ በሹክሹክታ "አሁን፣ አሁን" አለኝ። ቀድሞ የሚበላው አፍ ውስጥ የቀረው ጣፋጭ የማቻውን ምሬት እንዲያለዝበው ነው፤ ሲጠጡት በእርግጥም ገባኝ። ከዚያ ስኒውን ግራ መዳፍ ላይ አስቀምጦ በቀኝ እጅ ሁለት ጊዜ ማዞር ነው። ምክንያቱ ያምራል፦ የስኒው ፊት፣ ማለት ያማረው ጎኑ፣ ወደ እንግዳው ዞሮ ነው የሚቀርበው፣ እንግዳው ደግሞ በዚያ በኩል ላለመጠጣት ያዞረዋል። የመጨረሻዋን ጉንጭ ድምፅ አሰምቶ መሳብ ጨዋነት ነው። ፉት ስል ድምፅ ካሰማሁ በዓይኗ የምትቀጣኝ እናቴ ብታየኝ!

ሁለተኛ ስኒ የለም። አቦል ጠጥቶ መውጣት ነው። ቶናውስ?

እግር አጥፎ መቀመጥ ለሚያስፈራው፣ እዚህ ወንበርና ጠረጴዛ ነበር። ለፈረንጅና ለጉልበት ሕመምተኛ የተደረገ የዘመኑ ማቅለያ መስሎኝ ነበር። ለካ ሪዩሬይ የሚባል የራሱ ስም ያለው ሥርዓት ነው፤ ኡራሴንኬ የሚባለው የሻይ ሥርዓት ትምህርት ቤት 11ኛው መሪ ጌንጌንሳይ እ.ኤ.አ. በ1872 ለኪዮቶ ኤግዚቢሽን የውጭ አገር እንግዶች ብሎ ያወጣው ነው። በግምት ግማሹን አግኝቼዋለሁ ማለት ነው።

ወደ ብሩሽ ጽሕፈቱ፣ ወደ ሾዶ። እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ለመግባት ተራ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቁጥሩ የሚታደለው ጠዋት ነው፤ ማስታወቂያው በጃፓንኛ ብቻ ነው፣ ያውም በጥቃቅን ፊደል። ቅዳሜ ስደርስ አልቋል። እሁድ 3 ሰዓት ላይ ሄጄ ቆሜ ነው ያገኘሁት (በእኛ 3 ሰዓት፣ በእነሱ 9)።

ግን ቆሞ መጠበቁ ያዋጣል። መምህሩ የሰጡን "ዘላለም" የሚለውን ፊደል ነው፤ ስምንቱም መሠረታዊ የብሩሽ ጭረቶች እሱ ውስጥ ስለሚገኙ ጀማሪ በእሱ ይለማመዳል። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይያዛል፣ ክርን ጠረጴዛ አይነካም። የተጻፈን መልሶ መደለዝ ክልክል ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ደለዝኩ፣ ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ቀይረው ሰጡኝ፤ አልተቆጡም፣ ያ ነው ያሳፈረኝ። ቀለሙ ድንጋይ ላይ በውኃ የሚፈተግ ጥቁር ዱላ ነው። ከምን ይሠራል አልኩ። ከጥላሸትና ከእንስሳት ሙጫ። አያቴ ደብተራ ነበሩ፤ እሳቸውም ቀለማቸውን ከጥላሸት ነበር የሚያዘጋጁት፣ በመቃ ብርዕ ነበር የሚጽፉት። ይህንን በተሰባበረ ጃፓንኛዬ ሳስረዳ መምህሩ ብሩሹን አቀብለውኝ በቋንቋሽ ጻፊልን አሉኝ።

"ሰላም" ብዬ ጻፍኩ። ከላይ ቆመው አዩና አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ "በስተመጨረሻ ያለው ፊደል፣ እግሩ ነው የሚቀድመው ወይስ ክቡ?" ዝም አልኩ። የኔታ ሀ ሁ ሂን በዜማ አስወጡኝ እንጂ የትኛው መስመር እንደሚቀድም የነገረኝ ሰው ትዝ አይለኝም። እነሱ ዘንድ የእያንዳንዱ ፊደል የጭረት ቅደም ተከተል ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይጠናል። ቤት ገብቼ "ም"ን አሥር ጊዜ ጻፍኩ። አራቱን ከክቡ፣ ስድስቱን ከእግሩ ጀምሬያለሁ። እስቲ እናንተም ሞክሩት።

ምግቡ። ፍልሰታ ላይ ነበርን። አንዱን የያኪሶባ (የተጠበሰ ኑድል) ሻጭ ሥጋ አለው ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሦስቴም የለውም አለኝ። 600 የን ከፍዬ ስከፍተው የአሳማ ሥጋ፣ ከላዩ ደግሞ የደረቀ ዓሣ ብናኝ። የትኛው ሻጭ እንደሆነ አልናገርም፣ ብቻ ለሚጾም ሰው መጠየቅ ብቻ አይበቃም፣ ሲጠበስ ቆማችሁ እዩ። ታኮያኪ ውስጡ ኦክቶፐስ ነው፤ ጾም ባይሆንም ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልበላም ለሚል አይሆንም። ያዳነኝ በቆሎ ነው። ከሰል ላይ ተጠብሶ አኩሪ አተር ሶስ ይቀባል። ቅቤ አታድርጉበት በሉ እንጂ በነሐሴ በቆሎ ጥብስ ቶኪዮ ላይ፣ ምን ልበላችሁ፣ ዝናቡ ብቻ ነበር የጎደለው።

ብዙ ሰው በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝን እዚሁ ልመልስ፦ "አምልኮ የለበትም ወይ?" ጭፈራው፣ ቦን ኦዶሪ፣ ሥሩ የሙታን መታሰቢያ ከሆነው ከቡድሂስቶች ኦቦን ነው። ይህን ደብቄ ሂዱ አልላችሁም። ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ግን ያየሁት ሕፃናት፣ የሚበላ በረዶና ቢንቢ ነው፤ ጸሎት አልነበረም። የራሳችሁን ሕሊና ራሳችሁ ጠይቁ።

ጭፈራው ራሱ? ትከሻ የሌለበት ጭፈራ አስቡ። መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር። ከዚያ ታንኮ ቡሺ መጣ። ይሄ የፉኩኦካ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ዘፈን ነው፣ እንቅስቃሴው ሁሉ ሥራ ነው፦ ቆፍር ቆፍር፣ ትከሻህ ላይ ተሸከም ተሸከም፣ ወደ ኋላ እይ፣ ጋሪውን ግፋ ግፋ፣ ከዚያ ጭብጨባ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሳላስበው ያዝኩት። ማንም አያስተምርም፤ ከፊታችሁ ያለውን ሰው ነው የምትከተሉት። ከፊቴ እማማ ነበሩ። በ35 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሰዓት ሙሉ አልተቀመጡም፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ውኃ ፍለጋ ወጥቻለሁ።

እነዚህን ጥበቦች ቲያትር ቤት ውስጥ ከባለሙያ ብታዩ በእርግጥ ይሻላሉ። ሻይ ያፈላችልኝ ሴት እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ የከበሮው ቡድንም አንድ ቦታ ላይ ተምታቶበታል። ቲያትር ቤት ግን አንቺም ነይ የሚል የለም።

ለሚሄድ፦ ፎጣ፣ ውኃ፣ የቢንቢ መከላከያ፣ ሳንቲም ያዙ። የእኔ ካርድ አንድም ድንኳን አልተቀበለውም። ልጅ ካላችሁ ከወርቃማ ዓሣ ማጥመጃው ራቁ፤ በወረቀት ማንኪያ ነው የሚያጠምዱት፣ ወረቀቱ ወዲያው ይቀደዳል፣ እኔ 900 የን ጨርሼ ባዶ እጄን ወጥቻለሁ።

ሰኞ ሸሚዜን ልወስድ ላውንደሪ ቤት ሄድኩ። ሰውዬው ተመልሶ ድምፁ የማይሰማ ሰው ሆኗል። ሒሳቡን ሲመልስልኝ ከደረሰኙ ጀርባ አንድ ነገር ጻፈልኝ፦ ልምምድ፣ ማክሰኞ ማታ፣ አዳራሹ ውስጥ። ዱላዎቹን ገዝቻለሁ፤ 1800 የን።