ለከዚራው ሊስትሮ ምስጋና

ድሬዎች፣ ስኒከርና የስፖርት ጫማ በደንብ የሚያጸዳ ሰው ከፈለጋችሁ ከዚራ ሂዱ። ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቅ፣ ዛፍ ጥላ ስር የሚሠራ አንድ ወጣት ሊስትሮ አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም። ሥራውን ግን ልናገርለት።

ልጄ ኳስ ተጫዋች ነው። ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሜዳ፣ ሰፈር ውስጥ፣ የትም ይጫወታል። የድሬን አሸዋ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ የጫማ መረብ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣም። ነጩ ስኒከሩ አመድ መሰለ። አንድ ቦታ እንዲታጠብ ሰጠነው፤ በበረኪና አጥበው ቢጫ አድርገው መለሱልን። ልጁ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ይሄ ሊስትሮ ጫማውን አገላብጦ አየና፣ «አቦ እናቴ፣ ቆሻሻውን እኮ ቤትሽ ታጥቢዋለሽ። ቢጫውን እሞክርልሻለሁ፣ ሁሉም ይለቃል ብዬ ግን ቃል አልገባም» አለኝ። ከዛ ልጄን አጠገቡ አስቀምጦ እያሳየው ሠራ። የሚበላበትን ሙያ እንዲህ ሳይሰስት የሚያስተምር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ውሃ አላስነካውም። ክሩን ፈታ፣ የውስጥ ሶሉን አወጣ፣ ጫማዎቹን እርስ በርስ አጋጭቶ አሸዋውን አራገፈ፣ የቀረውን በደረቅ ብሩሽ ጠረገ። አቧራው ሳይራገፍ ውሃ ካገኘው ጭቃ ሆኖ ወደ ጨርቁ ይሰርጋል። ቀጥሎ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቀስ እያለ አሸው። ጫማው አይዘፈዘፍም፣ የሚነከረው ብሩሹ ነው። አረፋውን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ አነሳ፤ ሳሙና ከቀረበት ሲደርቅ እድፍ ይተዋል። የሶሉን ጠርዝ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሶ ፈተገው። ክሩን ለብቻው አጠበ።

ለእኛ አገር ትልቁ ነገር ማድረቁ ነው። በዚህ ፀሐይ ጫማ አጥቦ ቆርቆሮ ላይ ማስጣት ለምደናል። ፀሐዩ ግን ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ነጩን ሶልም ቢጫ ያደርገዋል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን ብሎናል። ውስጡ ነጭ ወረቀት ይጠቀጠቃል፣ ሲርስ በደረቅ ይቀየራል። ነጭ ጫማ ከሆነ ከላይ በሶፍት ይጠቀለላል፤ ውሃው ሲተን ቆሻሻውን ይዞ ሶፍቱ ላይ ያስቀረዋል። ከልጄ ጫማ አብዛኛው ቢጫ የለቀቀው በዚህ ነው። ተረከዙ አካባቢ ትንሽ ቀርቷል፤ ቀድሞ ስለነገረን ቅር አላለንም።

አሁን ልጄ ጫማውን ራሱ ያጥባል። እኔም እዛ መሄዴን አልተውኩም። ካሞሽ ጫማ ውሃ ስለማይወድ እሱ ጋ ነው የምወስደው። ሶሉ የለቀቀም ይሰፋል። ዋጋውን ሥራ ሳይጀምር ይናገራል፣ በኋላ አይጨምርም።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ልጄን እንደ ታናሽ ወንድምህ ነው ያስተማርከው። ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ቀትር ላይ ሙቀቱን ሸሽቶ ያርፋል።