ለአባቴ ቼምባሎ ይዞ ለመጣው ልጅ

ላይፕዚግና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ ዛሬ አንድ ወጣት ሙዚቀኛ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። ስሜን በአደባባይ አትጻፊ ስላለኝ አልጽፈውም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ።

ባለፈው ወር አባቴ 70 ዓመት ሞላው። አባባ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ፣ ጀርመንኛ እዚሁ ከተማ ሄርደር ኢንስቲትዩት ተምሮ፣ በዚያው የቀረ ሰው ነው። በገና ይደረድራል። ልጆች ሳለን የጥንት ሙዚቃ መሣሪያዎች ያሉበት ግራሲ ሙዚየም ይወስደን ነበር። በ1543 የተሠራው ክላቪኮርድ፣ እንደ ፒያኖ ቁልፍ ያለው ትንሽ የክር መሣሪያ፣ ፊት ከቆመ አይነቃነቅም። ፒያኖን የፈለሰፈው ክሪስቶፎሪ በ1726 የሠራው ፒያኖም እዚያው አለ፤ እሱን ግን ቶሎ ያልፈዋል።

ለልደቱ ፒያኖ ሊያመጣልን የተስማማው አከራይ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰረዘብን። ጨነቀኝ። አንዲት ጓደኛዬ የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠችኝ። «ፒያኖ የለኝም፣ ቼምባሎ ግን አለኝ፤ እኔው አመጣዋለሁ» አለኝ።

ቼምባሎ፣ በእንግሊዝኛ ሃርፕሲኮርድ የሚባለው፣ ሲያዩት ፒያኖ ይመስላል። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። የፒያኖን ክር መዶሻ ይመታዋል፤ የቼምባሎን ግን ቀጭን እንጨት ላይ የተሰካች የላባ ጫፍ ትነካዋለች። ክራር ሲገረፍ አስቡት። ዛሬ ብዙዎቹ ፕላስቲክ ይጠቀማሉ። የእሱ ግን እውነተኛ ላባ ነው።

ልጁ እንግዳ ሳይመጣ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ከሹፌሩ ጋር ተሸክሞ አስገባው። ከዚያ መቃኘት ጀመረ። ፒያኖ ተጫዋች ቃኚ ይጠራል፤ የቼምባሎ ሰው ራሱ ይቃኛል። በሩ ተከፍቶ ብርድ ሲገባ እንጨቱ ይሰማዋል፣ ቅኝቱ ይዛባል፤ እንደገና ከመጀመሪያ። መሀል ላይ የአንዷ ቁልፍ ድምፅ ደከመ። ትንሽ ቢላ አወጣ፣ ላባዋን አውልቆ አዲስ ቀረጸ፣ ሰካት፣ ነካት፣ ትንሽ ላጣት፣ ደግሞ ነካት። አባባ አጠገቡ ወንበር ስቦ ዝም ብሎ ያየዋል። በገናውን በቃኘ ቁጥር እሱም እንዲሁ ነው።

የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን ሥራ ተጫወተልን። ባኽ ከ1723 ጀምሮ በ1750 እስኪሞት የኖረው በዚሁ ከተማ ነው። ልጆቹ ሳይቀሩ ጸጥ አሉ።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በስልክ ስናወራ የአባባን ነገር ነግሬው ነበር። ለካ ሳልጠይቀው ክላቪኮርድም ይዞ መጥቷል። ጓዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና አባባን ጠራው። ድምፁ በጣም ትንሽ ነው፣ ሰው ካወራ ይዋጣል። ቁልፉ ጫፍ ላይ ክሩን የምትመታ ትንሽ ናስ አለች፤ ጣት ቁልፉን ተጭኖ እስካለ ድረስ ናሷ ከክሩ ጋር ስለምትቆይ፣ ልጁ ጣቱን ሲያርገበግብ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አባባ ጎንበስ አለ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «በገናም እንዲህ ነው፤ ለራስ የሚጫወቱት ነው» አለው።

ኑሮውን ጠየቅኩት። በፒያኖ ጀምሮ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን በ1843 በመሠረተው የዚህ ከተማ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼምባሎ ተምሯል። ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎችን ያጅባል፣ የሰው መሣሪያ ይቃኛል፣ ልጆች ያስተምራል። በባኽ ስም ለሚደረገው የሙዚቃ ውድድርም እየተዘጋጀ ነው። ሰው የሙዚየም ዕቃ የሚለውን ነገር ይዞ እንጀራውን በሐቅ የሚበላ ልጅ ነው።

ክርስትና፣ ምርቃት፣ ሽምግልና ያላችሁ እሱን ጥሩት። ድግሳችን ሁሉ በስፒከር ካልጮኸ አይሆንም ያለው ማን ነው? ምድር ቤት ወይም አሳንሰር ያለበት ቦታ ይሁን። ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡበት። ላዩ ላይ ብርጭቆ አይቀመጥ። ሲቃኝ አንድ ሰዓት ጸጥታ ስጡት። ሂሳቡን የመኪናውንም ጨምራችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ እሱ አፍሮ አይጠይቅም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በሚመጣው እሑድ ቤታችን ይመጣል። አባባ የበገናውን ቅኝት ሊያሳየው ቀጥሮታል።