ለፊት መቅላት የሚሠራ ሌዘር፦ መበለዙ ያልፋል፣ ጥቁረቱ ግን ይከርማል

ለፊት መቅላት አዘውትረው የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ሦስት ናቸው፦ የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 595 ናኖሜትር የሆነው ፐልስድ ዳይ ሌዘር፣ 532 ናኖሜትር የሆነው ኬቲፒ ሌዘር እና አይፒኤል። አይፒኤል ሌዘር እየተባለ ቢሸጥም ሌዘር አይደለም፤ ብዙ የሞገድ ርዝመት የተቀላቀለበት ብልጭታ ነው። የሦስቱም አሠራር አንድ ነው። በደም ሥር ውስጥ ያለው፣ ደምን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ብርሃኑን መጥጦ ይሞቃል፣ ሙቀቱም የደም ሥሩን ግድግዳ ይዘጋዋል። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ግን ያንኑ ብርሃን ይሻማል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ነው።

በፐልስድ ዳይ ፊት መበለዝ አለመበለዙን በዋናነት የሚወስነው የምቱ ርዝመት፣ ማለትም አንዱ የብርሃን ምት የሚቆይበት ጊዜ ነው። ምቱ ከ1.5 ሚሊሰከንድ ሲያጥር ጥቃቅን ደም ሥሮች ይፈነዱና ክብ ክብ ወይን ጠጅ ምልክት ይወጣል፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቆያል። ከ6 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ከሆነ ደም ሥሩ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ብዙውን ጊዜ የሚቀረው መቅላትና እብጠት ብቻ ነው። ሥራ ለማይቀር ሰው ሁለተኛው ይሻላል፤ ዋጋው አንድ ሁለት ቀጠሮ መጨመሩ ነው። ቀጠሮ ከመያዝ በፊት የትኛው እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እብጠቱ ከሕክምናው ዕለት ይልቅ በማግስቱ ጠዋት ይብሳል፣ በተለይ ከዓይን ሥር። ለሁለት ሦስት ሌሊት ራስን በሁለት ትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም 10 ደቂቃ ይዞ ማንሳት ይረዳል። በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማሳረፍ ግን ራሱ ያቃጥላል።

ኬቲፒ በአፍንጫ ዙሪያ ለሚታዩ ቀጫጭን ደም ሥሮች ጎበዝ ነው፤ እምብዛም አያበልዝም፣ በሳምንት ውስጥ የሚረግፍ ስስ ቅርፊት ሊተው ይችላል። አይፒኤል በጥድፊያ ከተሠራ አራት ማዕዘን ጥፍጥፍ ምልክት ይተዋል። ለጠቆረ ቆዳ ሁለቱንም አንመክርም። 1064 ናኖሜትር የሆነውን ኤንዲ ያግ የተባለ ሌዘር ሜላኒን ብዙም አይመጠውም፤ ሄሞግሎቢንም እንዲሁ ስለማይመጠው ከፍተኛ ጉልበት ይፈልጋል። ልምድ በሌለው እጅ ጠባሳ የሚያተርፈውም ለዚህ ነው።

ሰው የሚፈራው መበለዙን ቢሆንም ይበልጥ የሚያስቸግረው ከሳምንታት በኋላ ብቅ የሚለው ጥቁረት ነው። ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ የሚያባብሱትም ፀሐይ፣ ከመጠን ያለፈ ጉልበትና ቅርፊት መላጥ ናቸው። ስለዚህ ጠየም ያለ ቆዳ አስቀድሞ በጆሮ አጠገብ በትንሽ ቦታ ይሞከርና ጥቂት ሳምንት ይጠበቃል። ፀሐይ በቅርቡ ያጠቆረው ፊት ከሆነ ቀጠሮው ይራዘም።

ለመጀመሪያው ሳምንት ለስላሳ መታጠቢያና ቫዝሊን ይበቃሉ። ሬቲኖልና አሲድ ያለባቸው ቅባቶች ይቆማሉ። ለ48 ሰዓት ያህል እንፋሎት፣ አልኮልና ላብ የሚያወጣ ስፖርት ይቅሩ። የፀሐይ መከላከያው ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ይሁን፤ ለጥቁረት ለሚጋለጥ ሰው አይረን ኦክሳይድ ያለበት ባለ ቀለሙ ይመረጣል። ፊት ለማንጣት የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች ፈጽሞ አይነኩ፤ እነሱ ራሳቸው ደም ሥር ያሰፋሉ። ከንፈር ላይ ደጋግሞ ሄርፐስ የሚወጣበት ሰው ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር።

ውሃ የቋጠረ ወይም ግራጫ የመሰለ ቆዳ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር ሕመም፣ መግልና የዓይን ብዥታ በዕለቱ ሐኪም ማየት አለባቸው።

ውጤቱን በሁለተኛው ሳምንት መገመት ስህተት ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠበቅ። አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ልዩነት 3 ወይም 4 ቀጠሮ ያስፈልጋል። የሚታይ ደም ሥር በደንብ ይጠፋል፤ ድንገት ግልብጥ ብሎ የሚመጣ መቅላት ግን ያን ያህል አይታዘዝም። ፊትን የሚያቀላ ሥር የሰደደ የቆዳ በሽታ የሆነው የሮዛሽያ ብጉር ደግሞ የሌዘር ሥራ አይደለም፤ እንደ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ወይም ሜትሮኒዳዞል ያለ ቅባት ይፈልጋል። በሽታው ስለማይነቀል አዳዲስ ደም ሥሮች ሲወጡ ማደሻ ቀጠሮ ይያዛል።