ብራድማን ወይስ ቴንዱልካር?

በክሪኬት የመቺ ዋና ሚዛኑ አማካይ ነው፤ ያስቆጠረው ነጥብ በተጋጣሚ ከመምታት ተራው ለወጣበት ጊዜ ብዛት ይካፈላል። አውስትራሊያዊው ዶናልድ ብራድማን (እ.ኤ.አ. 1928–1948) በ52 የቴስት ግጥሚያዎች (በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለቀናት የሚካሄዱ) 6,996 ነጥብ አስቆጥሮ 70 ጊዜ ወጣ፤ አማካዩ 99.94። የህንዱ ሳቺን ቴንዱልካር (1989–2013) በ200 ቴስት 15,921 ነጥብ አለው፤ አማካዩ 53.78።

በቁጥር ብቻ ከሆነማ ክርክር የለም። እንግሊዞች በ1932–33 ኳሱን ሆን ብለው ወደ ሰውነት እየወረወሩ ብራድማንን ሲያስጨንቁት እንኳ አማካዩ 56.57 ነበር፤ የእሱ ክፉ ጊዜ ከቴንዱልካር ዕድሜ ልክ ይበልጣል! ያውም ያለ ሄልሜት፣ ዝናብ በሚያበላሸው ሜዳ። ልጅ ሳለ በቀጭን የዊኬት እንጨት (ከመቺው ኋላ ከሚተከሉት አንዱ) የጎልፍ ኳስ ከውሃ ታንከር የጡብ መሠረት ጋር እያነጠረ ይመታ ነበር፤ ኳሱ ወዴት እንደሚመለስ አይታወቅም፣ ዓይንና እግር የሠለጠኑት እዚያ ነው።

ቴንዱልካር የሚበልጠው በስፋት ነው። ብራድማን ቴስት የተጫወተው በአውስትራሊያና በእንግሊዝ ብቻ ሲሆን እሱ ግን በየአህጉሩ ሜዳ ተፈትኖ 100 ዓለም አቀፍ ሴንቸሪ (በአንድ የመምታት ተራ 100 ነጥብና ከዚያ በላይ) ሠርቷል። እርማቱም ይደነቃል፦ በ2004 ሲድኒ ላይ፣ ደጋግሞ ያስያዘውን ወደ ቀኝ በኩል የሚሄድ ምት እርግፍ አድርጎ ትቶ ሳይወጣ 241 አስቆጠረ።

እኛ ለብራድማን እናደላለን። በ1948 በመጨረሻ ቴስቱ፣ በለንደኑ ኦቫል ሜዳ ላይ 4 ነጥብ ቢያገኝ አማካዩ 100 ይሞላ ነበር፤ እንግሊዛዊው ኳስ ወርዋሪ ኤሪክ ሆሊስ በሁለተኛው ኳስ በዜሮ አስወጣው።