ፎርቮ ለፈረንሳይኛ፦ ከመጽሐፍ ይልቅ ጆሮዬን ያስተማረኝ ድረ ገጽ

ፈረንሳይኛ ስጀምር አዲስ ቃል ባገኘሁ ቁጥር አነባበቡን አጠገቡ በፊደላችን እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ለጓደኛዬ «ቁልፉ ሳጥኑ ላይ ነው» አልኳት። ጎንበስ ብላ ከሥር መፈለግ ጀመረች። ለካ በፈረንሳይኛ «ላዩ ላይ»ም «ሥሩ»ም በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ደሱ» ናቸው፤ የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ባለችው ድምፅ ብቻ ነው፣ አንደኛዋን ደግሞ የምንጽፍበት ፊደል የለንም። ከፍዬ የተማርኩበት ኮርስ «እንደ ኡ ነው» ብሎ ነው ያለፈኝ። አሁንም ያበግነኛል።

ፎርቮ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ድረ ገጽ ነው። ቃሉን ትጽፋላችሁ፣ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ሲጠሩት ትሰማላችሁ። የተናጋሪው አገርና ፆታ አብሮ ይታያል። የተለመዱ ቃላት ላይ ብዙ ሰው ስለሚቀዳ፣ ያንኑ ቃል ከተለያየ አፍ መስማት ይቻላል፣ ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ሁለቱን «ደሱ»ዎች ዓይኔን ጨፍኜ እያፈራረቅኩ እሰማና የትኛው እንደሆነ እገምታለሁ። መጀመሪያ ላይ ምንም አልለይም ነበር። ጆሮዬ ሲለምድ ወደ መስታወት ሄድኩ፦ «ኢ» በሉ፣ ምላሳችሁን እዚያው አቆዩት፣ ከንፈራችሁን ብቻ እንደ ፉጨት አሹሉት። የጠፋችው ድምፅ ትመጣለች።

ሌላው ራስ ምታት በአፍንጫ የሚወጡት አናባቢዎች ናቸው። «ቦን» ማለት «ጥሩ» ነው፣ ለወንድ። እኛ «ን»ን ስለምንጨርሳት የምላሳችን ጫፍ ላንቃ ይነካል፣ ያኔ ቃሉ ለሴት የሚባለው ይሆናል። ስለዚህ ምላስ ምንም ሳይነካ አየሩ በአፍም በአፍንጫም ይውጣ። ይሄንን ያወቅኩት የወንዱንና የሴቱን ደጋግሜ በማወዳደር ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው «ር» ግን ያን ያህል አያስጨንቃችሁ፣ በእኛ «ር» ብትሉትም ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የካናዳ ተናጋሪ «አንተ» የሚለውን ቃል ሲጠራ «ት» ላይ «ስ» ትጨመራለች። ስህተት አይደለም፣ ፈረንሳይኛ የሚነገርባት የካናዳ ግዛት የኬቤክ አነጋገር ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን የአንድ አገር ተናጋሪ መርጣችሁ ብትቆዩ ይሻላል፣ እኔ ሁሉንም ቀላቅዬ ለሳምንታት ግራ ገብቶኝ ነበር። የቀረጻ ጥራቱም እንደየሰው ማይክ ይለያያል።

ቃል ለብቻው መስማት የማይሸፍነው ነገርም አለ። «ሌ» እና «አሚ» ለየብቻ ሲሰሙ ቀላል ናቸው፣ «ጓደኞቹ» ለማለት ሲገናኙ ግን «ሌዛሚ» ይሆናሉ፣ ያቺ «ዝ» ከየት መጣች ያሰኛል። ለዚህ ኤርኤፍኢ የሚባለውን የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ የቀላል ፈረንሳይኛ ዜና አብሬ እሰማለሁ፤ 10 ደቂቃ ነው፣ ጽሑፉም አብሮት ስላለ ቃል ከቃል የት እንደሚያያዝ እያሰመርኩ እከተላለሁ።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት እናንተን ስለማይሰማ ነው፦ ተሳስታችሁ ብትደጋግሙት የሚነግራችሁ የለም። እኔ ድምፄን በስልኬ እቀዳና ከእነሱ ቀጥሎ አጫውተዋለሁ።