ቢቨርን በድንግዝግዝ ብርሃን ለማንሳት፦ የካነን 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ/2.8 ሌንስ ግምገማ

ቢቨር በወንዝና በኩሬ የሚኖር፣ ዛፍ በጥርሱ እየቆረጠ ግድብ የሚሠራ ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ ሲሆን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከመኖሪያው የሚወጣ፣ ሌሊቱን ሲግጥና ሲገነባ የሚያድር፣ ጎሕ ሲቀድም ተመልሶ የሚገባ እንስሳ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ማንሳት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚቸገረው በርቀቱ ሳይሆን በብርሃን እጥረት ነው። ከቤቱ አጠገብ ባለ ወንዝ ወይም ኩሬ ቢቨር የሰፈረለት ፎቶ አንሺ ቦታውን ደጋግሞ መጎብኘት፣ እንስሳው በየትኛው መስመር እንደሚዋኝና የትኛው ዳርቻ ላይ ወጥቶ እንደሚመገብ ማጥናት ስለሚችል ርቀቱን በትዕግሥት ማሳጠር ይችላል፤ ብርሃኑን ግን በትዕግሥት ማብዛት አይቻልም። ይህ ግምገማ የካነን ኢኤፍ 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ/2.8 ኤል አይኤስ ሁለተኛ ትውልድ ሌንስ ለዚህ አንድ ሥራ ምን ያህል እንደሚመች ይመለከታል። ሌንሱን የተጠቀምኩበት በ2020 በወጣው ኢኦኤስ አር6 ካሜራ ላይ፣ በአስማሚ (የቆየውን ሌንስ ከአዲሱ ካሜራ ጋር በሚያገጣጥም ቀለበት) አማካይነት ነው።

የዱር እንስሳት ፎቶ ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌንሱ ምን ያህል አቅርቦ እንደሚያሳይ ነው። ለቢቨር ግን ከዚህ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ ነው። ይህን የሚነግረን የኤፍ ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ኤፍ/2.8 ከኤፍ/5.6 አራት እጥፍ፣ ብዙ ረጃጅም ዙም ሌንሶች በመጨረሻ ርዝመታቸው ከሚሰጡት ከኤፍ/7.1 ደግሞ ከስድስት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በኤፍ/2.8 እና በ1/125 ሰከንድ የሹተር ፍጥነት (ብርሃን በሚገባበት ጊዜ ርዝመት) አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፤ ከፍ ሲል ምስሉ ይሻክራል) 6400 የሚበቃበት ትዕይንት፣ በዚያው ፍጥነት በኤፍ/5.6 አይኤስኦ 25,600፣ በኤፍ/7.1 ደግሞ ከ40,000 በላይ ይጠይቃል። በመጀመሪያው አይኤስኦ የእርጥብ ፀጉሩ ዘለላዎች እያንዳንዳቸው ተለይተው ይታያሉ፤ በመጨረሻው ግን ፀጉሩ ቡናማ ጭቃ መስሎ ይቀራል፤ የትኛውም የምስል ማጽጃ ፕሮግራም ያልተመዘገበውን ዝርዝር መልሶ ሊያመጣው አይችልም።

ሌንሱ ውስጥ የተገጠመው የምስል ማረጋጊያ ጥሩ ነው፤ አር6 ደግሞ በሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል በሚያደርገው ሰሌዳ) ላይ የራሱን ማረጋጊያ ይጨምርበታል። ይሁንና ማረጋጊያ የሚያስተካክለው የእጅን መንቀጥቀጥ እንጂ የእንስሳውን እንቅስቃሴ አይደለም፤ ይህ ልዩነት በቢቨር ላይ ጎልቶ ይታያል። ዳር ላይ ተቀምጦ ቅርንጫፍ የሚልጥ ቢቨር ሰውነቱ ሳይነቃነቅ ይቆያል፤ መንጋጋውና የፊት እጆቹ ግን ያለማቋረጥ ይሠራሉ። ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ይዞ እያሽከረከረ ልጡን በጥርሱ ሲገፍፍ፣ በ1/60 ሰከንድ የተነሣ ፎቶ ዓይኑን ጥርት አድርጎ አፉን ያደበዝዛል። መፍትሔው ማኘኩን ለቅጽበት የሚያቆምበትን ጊዜ መጠበቅ ነው፤ ድምፅ ሰምቶ ሲያዳምጥ ወይም ቅርንጫፍ ሲቀይር እንዲህ ያለ ቅጽበት ይገኛል። በቀስታ ለሚዋኝ ቢቨር 1/125 ሰከንድ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ጭራውን በውኃ ላይ ሲያጮኽ ለማንሳት ግን በዚያ ሰዓት የሚገኘው ብርሃን በኤፍ/2.8ም ቢሆን አይበቃም። ሲያጮኽ ማለት ደግሞ ደንግጧል፣ ለቤተሰቡም የአደጋ ምልክት ሰጥቷል ማለት ስለሆነ፣ ሆን ብሎ ለዚህ ፎቶ ሲል እንስሳውን የሚያስደነግጥ ሰው ሥራውን አላወቀውም።

ስለ ድምፅ ሰፋ አድርጌ መናገር አለብኝ። የቢቨር ዓይን ትንሽና ደካማ ነው፤ መስማቱና ማሽተቱ ግን ብርቱ ነው። ሲዋኝ አፍንጫው፣ ዓይኑና ጆሮው በአንድ መስመር ከውኃው በላይ ይታያሉ፤ የቀረው አካሉ ውኃ ውስጥ ነው። ወደ ዳርቻው ሲቃረብ መዋኘቱን ያቆምና ባለበት ሆኖ አየሩን ያሸታል። በዚህች ጊዜ ነፋሱ ከፎቶ አንሺው ወደ እሱ የሚነፍስ ከሆነ ምንም ዓይነት ሌንስ አይጠቅምም፤ ነፋሱ ተስማምቶ ሳለ ግን እንስሳውን ለማሸሽ የሜካኒካል ሹተር አንድ ጠቅታ ብቻዋን ትበቃለች። አር6 በኤሌክትሮኒክ ሹተር (መጋረጃ ሳይንቀሳቀስ ሴንሰሩ ራሱ ምስሉን ሲመዘግብ) ሙሉ በሙሉ ድምፅ አልባ ሆኖ ይሠራል፤ የሌንሱ የፎከስ ሞተርም እጅግ ጸጥተኛ ነው፤ ስለዚህ ጥንዱ ቢቨሩ ሳያውቅ በተከታታይ ለማንሳት ያስችላል። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አለ፦ በኤሌክትሮኒክ ሹተር ፋይሉ ከ14 ወደ 12 ቢት ይወርዳል፣ ማለትም በምስሉ ጨለማ ክፍሎች የሚመዘገበው ዝርዝር ይቀንሳል፤ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ ነገርም ሊጣመም ይችላል። ቢቨር ዝግ ያለ እንስሳ በመሆኑ መጣመሙ እምብዛም አያሳስብም። የጥላ ዝርዝር መቀነሱን በተመለከተም፣ እንስሳው ሸሽቶ ባዶ ውኃ ከማንሳት ይሻላል ብዬ ሳላመነታ እቀበለዋለሁ። የካሜራውን የፎከስ አጋዥ መብራት ማጥፋት፣ የኋላ ስክሪኑንም መዝጋት የግድ ነው፤ ፍላሽ ግን በጭራሽ አይታሰብም።

በኤፍ/2.8 ማንሳት የራሱ ጣጣ አለው። በ10 ሜትር ርቀት ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 20 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አንድ ጎልማሳ የአውሮፓ ቢቨር ግን ጭራውን ሳይጨምር ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ፊት ለፊት ሲመጣ ዓይኑ ከጠራ ጀርባው ይደበዝዛል፤ ይህ ለምስሉ ውበት ይሰጣል እንጂ አይጎዳውም፤ ፎከሱ በአፍንጫው ላይ ካረፈ ግን ፎቶው ተበላሽቷል። የአር6 የእንስሳት መለያ በዋናነት የተዘጋጀው ለውሻ፣ ለድመትና ለወፍ ነው፤ በጥቁር ፀጉር መካከል ያለችን ትንሽ ጥቁር ዓይን በድንግዝግዝ እንዲያገኝ መጠበቅ ደግሞ ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው። ስለዚህ አንድ ነጠላ የፎከስ ነጥብ መርጦ በዓይኑ ላይ ማሳረፍ የሚታመን ዘዴ ነው፤ በሌንሱ ጎን ያለው የፎከስ ርቀት መገደቢያም ፎከሱ ሩቅና ቅርብ ሲንከራተት ጊዜ እንዳያጠፋ ያግዛል። በዚህ ረገድ የሌንሱ ብርሃን እንደገና ይጠቅማል፤ ፎከስ አድራጊው ሲስተም የሚያየውም በዚያው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ነውና።

የብርሃን ልኬቱ ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኤሌክትሮኒክ መመልከቻው ጨለማውን አብርቶ ስለሚያሳይ ፎቶ አንሺው አሁንም በቂ ብርሃን ያለ ይመስለዋል፤ ዳኛው ሂስቶግራሙ (የምስሉን የብርሃን ሥርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ነው። እርጥብ ጥቁር ቢቨር ሰማይን በሚያንጸባርቅ ውኃ ላይ ሲዋኝ ካሜራው በውኃው ተታሎ እንስሳውን ያጨልመዋል፤ ዳርቻው ላይ በጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ምሽቱን ቀን ለማስመሰል ይሞክራል። በመጀመሪያው ሁኔታ ልኬቱን ከፍ፣ በሁለተኛው ዝቅ ማድረግና በሮው ፋይል (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ማንሳት ይመከራል።

300 ሚሊ ሜትር አይበቃም የሚል ተቃውሞ ብዙ ጊዜ ይሰማል። እንደ አር6 ባለ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ) በ10 ሜትር ርቀት ይህ ሌንስ 1.2 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ ያም ጎልማሳ ቢቨርን ከነ ጥቂት ውኃው ይይዛል። በ20 ሜትር ደግሞ 2.4 ሜትር ይሆናል፤ በአር6 20 ሜጋፒክሰል ምስል ላይ እንስሳው ወደ 2,000 ፒክሰል ገደማ ስፋት ስለሚይዝ ለመካከለኛ ሕትመት አያንስም። 1.4 እጥፍ ማራዘሚያ (በሌንሱና በካሜራው መካከል ገብቶ የሌንሱን ርዝመት የሚያሳድግ ዕቃ) ሲገጠም 420 ሚሊ ሜትር ኤፍ/4 ይሆናል፤ ግማሽ ብርሃን ይጠፋል። እኔ ማራዘሚያውን ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ለሚወጡ ቢቨሮች እጠቀምበታለሁ፤ በተለይ ግልገሎቹ ከመኖሪያቸው ብቅ ማለት በሚጀምሩበት በበጋው አጋማሽ ወላጆቹ ቀደም ብለው ስለሚወጡ ጥሩ አጋጣሚ ይገኛል። ጨለም ሲል ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ሁለት እጥፉን ማራዘሚያ ግን ለዚህ ሥራ አልመክረውም፤ ኤፍ/5.6 ላይ ከተደረሰ ይህን ሌንስ መያዝ ትርጉም ያጣል።

ክብደቱ የሚካድ አይደለም። ሌንሱ 2.35 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከካሜራውና ከአስማሚው ጋር ከ3 ኪሎ ግራም ያልፋል። ሆኖም ለቢቨር የሚደረገው ጉዞ አጭር፣ መቀመጡ ረጅም ስለሆነ ጫናው ከሚፈራው ያነሰ ነው። ትራይፖድ ካሜራውን ከፍ ስለሚያደርገው እንስሳውን ቁልቁል ያሳያል። በእህል የተሞላ ከረጢት ላይ ሌንሱን አሳርፎ መሬት ላይ መተኛት ግን የካሜራውን ዓይን ከቢቨሩ ዓይን ጋር ያስተካክለዋል፤ የፊቱ ውኃም ደብዝዞ ምስሉን ያለመልመዋል። ሲተኙ የቢቨሩን መውጫ መንገድ ላለመዝጋትና ግድቡን ላለመርገጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በ2023 የወጣው አርኤፍ (ለአር6 ዓይነት ካሜራዎች የተሠራ የካነን የሌንስ ዓይነት) ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሜትር ኤፍ/2.8 ሌንስ ያለ አስማሚ የሚገጠም፣ ዙም የሚያደርግ ስለሆነ፣ አቅሙ ለሚፈቅድለትና እንስሳው በድንገት በጣም ሲቀርብ ከነአካባቢው ማንሳት ለሚሻ ሰው የተሻለ ምርጫ ነው። የቆየው ኢኤፍ ሌንስ የሚበልጥበት ነገር ያገለገለ ሆኖ በቀነሰ ዋጋ መገኘቱ ነው። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው የፊት መስታወቱን ብቻ ሳይሆን ማረጋጊያው በአግባቡ መነሣትና መቆሙን፣ በኤፍ/2.8 በቅርብም በሩቅም ጥርት ያለ ምስል መስጠቱን፣ የፎከስ ቀለበቱም ሳይንገጫገጭ መዞሩን በራሱ ካሜራ ላይ ገጥሞ፣ በተቻለ መጠን በደበዘዘ ብርሃን ይፈትሽ።