ከአንድ ዓመት በላይ የሠራሁበት የኤዲቲንግ ዴስክቶፕ፦ ዕቃዎቹ እንዴት ሆኑ?

አዲስ አበባ ላይ ጠንካራ ዴስክቶፕ ማስገጣጠም የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁሌም ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው። እኔ ደግሞ ሁሌም ወሬውን ወደ ፓወር ሰፕላይና ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) እመልሰዋለሁ። የሰርግና የዶክመንተሪ ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ። በዚህ ማሽን ከአንድ ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ፤ የጥር የሰርግ ወቅትም አልፎበታል። ዕቃዎቹን የምመዝነው ሥራዬን በሰዓቱ አስረክቤባቸዋለሁ ወይ በሚለው ነው።

ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ራይዘን 9 7900 ነው፤ ባለ 12 ኮር። ግራፊክስ ካርዱ ኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4070 ሱፐር፣ 12 ጊጋ ሜሞሪ ያለው። ማዘርቦርዱ ቢ650 ነው። ራሙ ዲዲአር5፣ ሁለት ባለ 32 ጊጋ፣ በድምሩ 64። ኤስኤስዲው ሳምሰንግ 990 ፕሮ 2 ቴራ፣ ፓወር ሰፕላዩ 850 ዋት ጎልድ። የገዛሁት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ (በፈረንጆቹ 2024) ነው። የዶላር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ገና ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ዛሬ የጠየቅከው ዋጋ ነገ ስለማይገኝ የማይጠቅመኝን ነገር አንድም መግዛት አልፈለግኩም።

በመብራቱ ልጀምር። 7900 ከፋብሪካ በወጣበት ሴቲንግ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም 88 ዋት ገደማ ላይ ይቆማል። 4070 ሱፐር 220 ዋት ይወስዳል። ፋኑን፣ ዲስኩን፣ ማዘርቦርዱን ሲደምሩት ወደ 400 ዋት ይጠጋል። ታዲያ 850 ዋት ምን ያደርጋል? ፓወር ሰፕላይ ኃይል ሳያባክን የሚሠራው ወደ ግማሽ ጭነቱ አካባቢ ነው። ብዙም ስለማይግል ፋኑ ጸጥ ይላል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ለቅጽበት ከተጻፈው ዋት በላይ የሚስብበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ትርፍ አቅም ያስፈልጋል። በዚህ ሁሉ ወራት ማሽኑ ሬንደር ላይ (ያለቀውን ቪዲዮ እያወጣ) እያለ በራሱ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ዩፒኤሱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው። እናንተ የምትፈልጉት ዋቱን ነው። 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ 400 ዋት እንኳን አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ማሽን ሬንደር እያደረገ መብራት ከሄደ አይችለውም። ሌላው ደግሞ የሚያወጣው ሞገድ ነው። ርካሾቹ በባትሪ ሲሠሩ ደረጃ ደረጃ የሆነ ሞገድ ነው የሚሰጡት። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላዮች ግን አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል፣ ከመብራቱ የሚስቡትን ኃይል የሚያስተካክል ክፍል አላቸው፤ አንዳንዶቹ ይህን ሞገድ አይቀበሉትም። ውጤቱ ዩፒኤሱ እየሠራ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። በበፊቱ ማሽኔ ይሄው ነበር የሚሆነው፤ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አሁን ያለኝ 1500 ቪኤ፣ 900 ዋት፣ ፒዩር ሳይንዌቭ (እንደ መብራቱ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ) የሆነ ነው። ከመብራት ወደ ባትሪ ሲቀየር ማሽኑ አያውቀውም። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲልም ራሱ ያስተካክለዋል፤ ሰፈሬ ላይ ማታ ማታ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ይህ ብዙ ይጠቅመኛል።

ባትሪው ግን ሥራ ለመቀጠል አይደለም። ሬንደሩን አቁሞ፣ ፕሮጀክቱን ሴቭ አድርጎ፣ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ስለ ጄኔሬተር ወይም ስለ ኢንቨርተር ያስብ።

ሙቀቱን በተመለከተ የአዲስ አበባ አየር ሁለት ነገር ያደርጋል። ቀዝቃዛ ስለሆነ ክፍሉ ኤሲ አያስፈልገውም። ግን ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሳሳል። ፋን ሙቀት የሚያወጣው በሚገፋው አየር ነው። አየሩ ከሳሳ፣ ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር ግምገማዎች ላይ የምታዩትን የሙቀት ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት።

ባለ 16 ኮሩን 7950ኤክስ የተውኩትም በዚህ ነው። እሱ እስከ 230 ዋት ይወስዳል። ኮሮቹ በሲሶ ይበልጣሉ፤ የሚፈልገው ኃይል ግን ከእጥፍ በላይ ነው። የእኔ 7900 ከተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኩለር ጋር ረጅም ሬንደር ላይ ሆኖ ድምፁ ከስፒከሬ በላይ አይሰማም። ኩለሩ ርካሽ ነው፤ ከውጤቱ አንጻር ከሁሉም ዕቃ በላይ ያስደሰተኝ እሱ ነው። ውኃ የሚዞርበት ኩለር አልፈለግኩም፤ ፓምፑ ቢበላሽ መለዋወጫ እዚህ ማግኘት አድካሚ ነው።

ኬዝ ስትመርጡ ፊቱ መስታወት የሆነውን ተዉት። ያምራል፣ ግን አየር አያስገባም። ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ከውስጥ የሚወልቅ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ይሁን። በበጋ፣ በተለይ ግንባታ በበዛበት ሰፈር፣ ማጣሪያው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ግራጫ ይሆናል።

ራም ላይ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፦ ሁለት እንጂ አራት አትሰኩ። ራይዘን 7000 በይፋ የሚደግፈው የራም ፍጥነት ሁለት ሲሆኑ 5200 ነው፤ አራት ሲሆኑ ግን ወደ 3600 ይወርዳል። 64 ጊጋ የምትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው ሁለት ባለ 32 ግዙ። በተለይ አሁን። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ሜሞሪውን ስለተሻሙት ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በዓለም ዙሪያ ተሰቅሏል፤ ቆይቼ እጨምራለሁ የሚል ሰው ብዙ ይከፍላል። ደግሞም ማሽኑን መጀመሪያ ስታበሩት ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ቢቆይ አትደንግጡ። ራሙን እየለመደ ነው፤ ሶኬቱን አትንቀሉበት።

አሁን ወደ ድክመቱ ልምጣ። ብዙ የሰርግ ቪዲዮ አንሺዎች በሶኒ ኤ7 ፎር ነው የሚቀርጹት፤ ባለ 10 ቢት 4:2:2 (ብዙ የቀለም መረጃ የሚይዝ)፣ በኤች.265 (ፋይሉን አጥብቆ በሚጨምቅ ፎርማት)። ይህን ዓይነት ቪዲዮ 4070 ሱፐር በሃርድዌር (ለዚሁ በተሠራ ክፍሉ) አይፈታውም፤ የራይዘኑ ግራፊክስም አይፈታውም። ሸክሙ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። አንድ ካሜራ ከሆነ ይሄዳል፤ ሦስት ካሜራ ጎን ለጎን ሲሆን ግን ታይምላይኑ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ፉቴጁን እንደገለበጥኩ ማታ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ የሚቀል ትንሽ ቅጂ) እንዲሠራ ትቼው እተኛለሁ። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ይህን ይፈቱታል። በገዛሁበት ጊዜ ግን የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ አለመረጋጋት ገና ወሬው ትኩስ ነበር፤ ኢንቴል ራሱ አምኖ የማስተካከያ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩን አሠራር የሚያርም ኮድ) ያወጣው በዚያው በ2024 ነው። ዋስትና ለመጠየቅ ዕቃውን ከአገር አስወጥቶ መላክ ለሚያስፈልገው ሰው ያ ከባድ ውሳኔ ነበር፤ ዛሬም በዚያ ሁኔታ ኤኤምዲውን እመርጥ ነበር።

ኤስኤስዲው ላይ የምለው ብዙ የለም፤ ፈጣን ነው፣ አላስቸገረኝም። ባለ 200 ሜጋቢት ቀረጻ በሰዓት 90 ጊጋ ስለሚበላ 2 ቴራው የሚበቃው በእጅ ላለው ሥራ ብቻ ነው። ያለቀው ወደ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ይሄዳል፤ አንዱ ከቤት ውጭ ነው የሚቀመጠው።

የት ልግዛ ለሚለኝ የማደርገውን ልንገረው። ፕሮሰሰርና ራም ትንሽ ናቸው፣ እምብዛም አይበላሹም፤ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይመጣሉ። ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤስና ማዘርቦርድ ግን ትንሽ ቢወደድም እዚሁ፣ ደረሰኝና ዋስትና ከሚሰጥ ሱቅ እገዛለሁ። ችግር ሲመጣ ተሸክሜ የምመልሰው ቦታ ያስፈልገኛል።

ቀጥሎ የምቀይረው ግራፊክስ ካርዱን ነው። የአርቲኤክስ 50 ትውልድ ያን 4:2:2 በሃርድዌር ይፈታዋል። ያሰብኩት 5070 ቲአይ ነው፤ 16 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ 300 ዋት ይወስዳል። ፓወር ሰፕላዩም ዩፒኤሱም ይችሉታል፤ ከካርዱ በቀር ሌላ የምገዛው ነገር አይኖርም።